ጭራቁ ማን ነው?
ስለ አስፈሪ የገጸ ባሕርይ ጨዋታዎች አመራረጥ

አንድ ጨዋታ አስፈሪ እስከ ሆነ ድረስ ለማንኛውም ቡድን ይስማማል የሚል አስተሳሰብ በአንዳንድ የጨዋታ ወዳጆች ዘንድ ሲንጸባረቅ ይታያል። ከዚሁ ጎን ለጎን፣ የውጭውን ጭራቅ ከጨዋታው አውጥቶ በምትኩ ቡዳን ወይም ዛርን ማስገባት ብቻ ጨዋታውን አገርኛ ያደርገዋል የሚል ሁለተኛ አስተሳሰብ አለ። የመጀመሪያው ስንፍና ነው፤ በትንሽ ጥረት ይታረማል። ሁለተኛው ግን የባህል ተቆርቋሪነትን ካባ ደርቦ የሚመጣ፣ የኪነ ጥበብ ሰውንም መምህሩንም ሊያሳስት የሚችል ስሕተት ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው በዋነኛነት እርሱን ለመታገል ነው።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባል። የገጸ ባሕርይ ጨዋታ የሚባለው ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት፣ ግማሹ ተረት ግማሹ ተውኔት የሆነ ጨዋታ ነው። መድረክ የለውም፤ ተመልካችም የለውም። ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የሚያጋጥማቸውን ሰውና አውሬ ሁሉ የሚተርክ እርሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ፋኖሱን ይዤ እወርዳለሁ» እያሉ የራሳቸውን ድርሻ ይናገራሉ። የድርጊቱ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ማለትም ዳይስ ይጣላል። ተውኔቱ አስቀድሞ አልተጻፈም፤ መጨረሻውን አጫዋቹም ቢሆን አያውቀውም። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ የታተመ ጨዋታ በአሜሪካ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት የእኛ አገር ሰው ሌላ ጉዳይ ስለ ነበረው አላየውም ቢባል አይፈረድበትም።

ሆኖም ከባሕር ማዶ የመጣው ደንቡ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። እቃቃ የተጫወተች ሕፃን ሁሉ አፈሩን ወጥ አድርጋ፣ ራሷን እናት አድርጋ፣ እንግዳ ተቀብላ አስተናግዳለች። እንቆቅልሽ የሚጠይቀው ልጅ «ምን አውቅልህ» ካልተባለ አይጀምርም፤ ይህም ማለት ሌላው ወገን ለመጫወት መስማማቱን አስቀድሞ በቃሉ ያረጋግጣል ማለት ነው። መልሱን ያጣው ደግሞ አገር ይሰጣል። ደንብ አለው፣ ተራ አለው፣ ሽንፈትና ካሣ አለው፤ የጎደለው ጠረጴዛ ብቻ ነው። ከዚህም ርቀን ብንሄድ፣ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር የዛርን ሥነ ሥርዓት ለወራት ሲከታተል ቆይቶ በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ በቀጥታ ያተኮረው በዛር ተውኔታዊ ጠባይ ላይ ነው። ዛሩ የሰፈረበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ይፎክራል፣ ስሙን ይናገራል፣ የሚፈልገውን ያዛል፤ ፈረሱ ግን ኋላ ሲጠየቅ አላስታውስም ይላል። ይህን የሚያውቅ ኅብረተሰብ ሌላ ሰው ሆኖ መናገር ምን ዓይነት ኃይል እንዳለው ከማንም መማር አያስፈልገውም። የሚያሳዝነው ግን ያንን ኃይል የሚያውቀውን ያህል ጥንቃቄውን መርሳቱ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በፊት ልወቅሰው የሚገባኝ ሰው እኔው ነኝ። በሰሚት በአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ቡድን አጫዋች ነኝ። ከአባላቱ ሁለቱ መምህራን፣ አንዱ ሠዓሊ ሲሆኑ የቀሩት ወጣቶች ናቸው። አንድ ምሽት ከውጭ መጽሐፍ የወሰድሁትን ትዕይንት አቀረብሁ። ሌሊት ነው፤ ቤተ ሰቡ ተኝቷል፤ የግቢው በር ይንኳኳል፤ ከውጭ አንድ ድምፅ በእርጋታ ስም ይጠራል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚጠራው ከሰው ያልተወለደ ፍጡር ነው፤ ካልተከፈተለት መግባት አይችልም። ወጣቶቹ እጅግ ተደሰቱ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት መምህርት ግን «ቡናውን ልይ» ብለው ተነሡ፤ ተመልሰውም አልተቀመጡም። በማግሥቱ ስልክ ብደውልላቸው «ሥራ ነበረብኝ» አሉኝ። ምክንያቱን ከሌላ ሰው የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው እንደዚያ ባለ ሌሊት፣ እንደዚያ ባለ የረጋ ድምፅ ተጠርተው ወጥተው ቀርተዋል። ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈው በር መንኳኳቱ ከልብ ወለድ ውጭ ትርጉም ለሌለው አንባቢ ነው። ማን አጠገቤ እንደ ተቀመጠ ሳልጠይቅ መጽሐፉን የገለጥሁት እኔ ነኝ።

የቦሌ መንገድ ከሚጀምርበት ከመስቀል አደባባይ ጥግ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። ከየጉድጓዱ የወጣው አጥንት፣ የሟቾቹ ፎቶግራፍ፣ ልብስና ጫማ በዚያ ተቀምጧል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቦሌ ወይም ወደ መገናኛ በሚሄድ በማንኛውም ታክሲ ውስጥ ከተሳፈሩት መካከል አንዱ በዚያ ግድግዳ ላይ ዘመድ እንደማይኖረው ማን ያረጋግጣል? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ያፈናቀላቸውና ያቆሰላቸው ደግሞ ገና በመካከላችን ናቸው። ስለሆነም በእኛ አገር አስፈሪ ጨዋታ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት የደንቡን መጽሐፍ ሳይሆን የቡድኑን ገጽታ ነው። ለአንድ ቡድን የሚስማማው ፍርሃት ጨዋታው ሲያበቃ አባላቱ ሁሉ፣ አንዱ ብቻ እንኳ ሳይቀር፣ ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሊነሡ የሚችሉት ፍርሃት ነው። ወደ ቤት ተከትሎ የሚሄድ ፍርሃት ጨዋታ አይደለም።

ከዚህ መነሻ የታወቁትን ጨዋታዎች ብንመረምር የምናገኘው ውጤት በውጭ አገር ከሚሰጣቸው ደረጃ የተለየ ነው። ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2015 በስቲቨን ዲዊ የተዘጋጀውን «ዐሥር ሻማዎች» እንውሰድ። ተጫዋቾቹ በጨለማ ክፍል ዐሥር ሻማ አብርተው ይቀመጣሉ፤ ታሪኩ በገፋ ቁጥር ሻማዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ የመጨረሻው ሲጠፋ ሁሉም ገጸ ባሕርያት ይሞታሉ። ከመሞት የሚተርፍ የለም፤ ደንቡ ይህንኑ አስቀድሞ ይናገራል። ብዙዎች የፍርሃት ቁንጮ ነው ይሉታል። ለስቶክሆልምና ለቺካጎ ይሆን ይሆናል። በአያትና በሰሚት ግን መብራት ሲጠፋ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ያወጋል፤ ሲመጣ የሕፃናቱ ጩኸት ከብሎክ ብሎክ ይሰማል። ሻማ ለእኛ የፍርሃት ሳይሆን የትዕግሥት ምልክት ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹ በገጸ ባሕርያቸው ድምፅ መልእክት ቀድተው፣ ሁሉም ከሞቱ በኋላ በጨለማ ውስጥ ያዳምጡታል። ይህኛው ክፍል በእውነት ያስፈራል፤ ነገር ግን በቅርቡ ከልቅሶ ቤት የመጣ ሰው ባለበት ቡድን ፊት ማቅረብ ጭካኔ ነው።

«ድሬድ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጨዋታ ለእኛ ቡድኖች ይበልጥ ይመቻል ብዬ አምናለሁ። ዳይስ የለውም፤ ረጅም የቁጥር ሠንጠረዥ የለውም። ከትናንሽ የእንጨት ጡቦች የተሠራ ማማ ጠረጴዛው ላይ ይቆማል፤ ተጫዋቹ አደገኛ ነገር ሲያደርግ አንድ ጡብ ከመካከል ስቦ ከላይ ያስቀምጣል፤ ማማው በእጁ ከፈረሰ ገጸ ባሕርይው ይጠፋል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ያየዋል። ገጸ ባሕርይውም የሚፈጠረው አጫዋቹ በሚያዘጋጃቸው ጥያቄዎች ነው፤ «ለእኅትህ ያልነገርሃት ምንድን ነው?» ዓይነት ጥያቄ። እንግሊዝኛ ባይችሉ፣ ደንብ ባያጠኑ የሚጫወቱት በመሆኑ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጡረተኛውንና የአሥረኛ ክፍል ተማሪውን ሊያገናኝ ይችላል። ስለ ደም መጣጮች ሤራ የሚተርከውና እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ቫምፓየር» የስብሰባ አሠራርና የሥልጣን ሽኩቻ ለሚወድ ቡድን ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን በመካከላችን አይጠፋም፤ ግን እርሱን በሥራ ሰዓት ስለምናገኘው እዚህ አናቆየውም።

ዋናው ክርክር ያለው በ«የክቱሉ ጥሪ» ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሳንዲ ፒተርሰን የተዘጋጀው ይህ ጨዋታ ከአስፈሪዎቹ ሁሉ በስፋት የታወቀው ነው። ገጸ ባሕርያቱ ጀግኖች ሳይሆኑ ተራ ሰዎች ናቸው፤ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም። ሥራቸው ምርመራ ነው፤ ቤተ መዛግብት ይገባሉ፣ አሮጌ ጋዜጣ ያገላብጣሉ፣ ምስክር ይጠይቃሉ። ከመቶ የሚቆጠር የአእምሮ ጤንነት ነጥብ አላቸው፤ አሰቃቂውን ነገር ባዩ ቁጥር ነጥቡ እየቀነሰ ይሄዳል። ወረቀትና ምርምር ለሚወዱ መምህራን ከዚህ የተሻለ ቅርፅ ማግኘት ያስቸግራል፤ ይህን ሳልሸሽግ አደንቃለሁ። የአእምሮ ነጥቡን ግን በዝምታ አላልፈውም። እብደትን በመቁጠሪያ ዝቅ እያደረጉ መሳቅ፣ ልጁን እንጦጦ ማርያም ጠበል አስቀምጦ ለሚመላለስ አባት መዝናኛ አይሆንም። ቡድኑ ይህን ክፍል «ድፍረት» ብሎ ቢሰይመውና ነጥቡ ሲያልቅ ገጸ ባሕርይው ሸሽቶ ወደ አገሩ ገባ ቢባል የጨዋታው አሠራር በምንም አይጎድልም።

የይዘቱ ነገር ግን ከዚህ የከበደ ነው። ጨዋታው የተቀዳው እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1937 ከኖረው ከአሜሪካዊው ደራሲ ከላቭክራፍት ሥራዎች ነው። ይህ ሰው የባዕድ ዘር ጥላቻውን በደብዳቤዎቹ አልሸሸገም፤ በልብ ወለዱም ውስጥ ዘልቋል። በ1927 ታትሞ በወጣ አንድ አጭር ታሪኩ ውስጥ በብሩክሊን ከተማ የሚኖሩ ስደተኞች የምሥጢራዊ አምልኮ ተከታዮችና የክፋት መሣሪያዎች ሆነው ቀርበዋል። የጭራቁን ቆዳ ብትገፉት ከውስጡ የሚወጣው ስደተኛ ጎረቤቱ ነው። በ1984 የወጣው የዚሁ ጨዋታ ትልቅ ዘመቻ «የኒያርላቶቴፕ ጭምብሎች» ደግሞ ተጫዋቾቹን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ይወስዳል፤ ኬንያም የደም አምልኮ ተራራ ያለባት አገር ሆና ትጠብቃቸዋለች። ዛሬ የእኛው ወገኖች በብሩክሊንም በናይሮቢም ይኖራሉ። በቦሌ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይህን መጽሐፍ ቃል በቃል የሚያጫውት ወጣት የአክስቱን ልጅ ጭራቅ አድርጎ እያደነ መሆኑን ልብ አይልም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የባህል ተቆርቋሪው የሚነሣው። «መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእነርሱን ጭራቅ እናውጣ፣ የእኛን ቡዳ እናስገባ፤ ቅርስ ማለት ይህ ነው» ይላል። ጭብጨባም ያገኛል።

ቅርስ አይደለም። ቡዳ የሚባል አውሬ በዱር የለም። ቡዳ ተብለው የኖሩት ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው ናቸው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ተብሎ የተወራባቸው ሕያዋን ሰዎች ናቸው። በሰሜን አዲስ አበባ በቀጨኔ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ይህን ስድብ ለትውልዶች ተሸክመው ኖረዋል። በእጃቸው የሠሩት ጀበና በየቤቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ እነርሱ ግን ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። በጨዋታችን መካከል ቡናው የሚፈላበት ጀበና የማን እጅ ሥራ ነው? ጀበናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሠሪዋን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ጭራቅ አድርጎ ማደን ላቭክራፍት በብሩክሊን ካደረገው በምን ይለያል? ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ በዘመናቸው የእጅ ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ ገሥጸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያንኑ ስድብ ዳይስ ጨምሮበት «የባህል ጨዋታ» ብሎ ማቅረብ ወደ ኋላ መጓዝ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ቡዳው የተወሰደው ከአያት አፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለበት ጅብ ስለ መገኘቱ የተወራውን ጽፎ አልፏል። እንዲህ ያለው ወሬ በአውሮፓ ሰው ወደ አውሬ ስለ መለወጡ በሚያትቱ መጻሕፍት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 በታተመው የባሪንግ ጉልድ መጽሐፍ ጭምር ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ የእኛ ወጣት ከውጭ የጭራቆች መዝገብ ውስጥ ቡዳን አግኝቶ «እኛም አለን!» ብሎ ሲደሰት፣ የቀጥቃጩን ስም ማጥፊያ ዞሮ ከውጭ እየገዛ ነው። ቅርፁን አገራዊ በማድረግ ብቻ ይዘቱ ሕዝባዊ አይሆንም።

«ዛርስ?» የሚል ይኖራል። ዛርም ቢሆን ከገበያ የሚገዛ ጭምብል አይደለም። በመካከላችን እናቷ ዛር የምታስተናግድ ልጅ ልትኖር ትችላለች፤ ያ ለእርሷ ሕመም፣ እምነት፣ አንዳንድ ጊዜም የቤተ ሰብ ጭቅጭቅ ነው። በአንጻሩ ደግሞ አጥባቂ የሃይማኖት ሰው ስሙን መጥራት እንኳ ሊከብደው ይችላል። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገኙ አጫዋቹ የሚያተርፈው ምንድን ነው? ዛርን የተውኔት ጸሐፊው ለዓመታት አጥንቶ ወደ መድረክ ያምጣው፤ በአንድ ምሽት ለመሳቀቅ ብቻ አይጠራ። የእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ሥር ሰይጣን ነው የሚሉትን በተመለከተ ግን ብዙ ቃል አላባክንም። ይኸው ክስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ በስፋት ተነሥቶ ነበር፤ ጨዋታው ወጣቶችን ለሞት ይዳርጋል የሚለው አቤቱታ ማስረጃ ሳይገኝለት ቀርቷል።

ታዲያ ምን እንጫወት? ለዚህ ጥያቄ ስዊድኖች አንድ ጠቃሚ ትምህርት ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ቬሰን» የሚባለው ጨዋታቸው በዮሐን ኤገርክራንስ የሥዕል መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሰሜናዊ አውሮፓ ተረቶች ወደ ጠረጴዛ ያመጣል። ከተማው ሲስፋፋ፣ ፋብሪካው ሲተከል፣ በቤትና በጫካ ከሰው ጋር ተስማምተው ይኖሩ የነበሩ የማይታዩ ፍጡራን ይቆጣሉ፤ መርማሪዎቹ ከኡፕሳላ ተነሥተው ይሄዳሉ። እነዚህ ፍጡራን በሰይፍ አይጠፉም። ምን እንደ በደላቸው ማወቅ፣ ለዚያ የሚገባውን ሥርዓት ማግኘትና መፈጸም ያስፈልጋል። አዋቂው ባለ ጠመንጃው ሳይሆን ባልቴቷ ናት። ልንወስደው የሚገባን ይህን አሠራር ነው እንጂ የስዊድንን ፍጡራን አይደለም።

ይህ አሠራር ለምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል ምን ያህል እንደሚስማማ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአውሮፕላን ማረፊያው በፊት ቦሌ ማሳና ግጦሽ ነበር፤ ማረፊያው ከልደታ ወደዚያ የተዛወረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ ከዚያም ወዲህ የመጡ ናቸው፤ በዕጣ የደረሰን ቤት የቆመው ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ሠዓሊው ጓደኛችን አንድ ቀን «የተነሣው ገበሬ መንፈስ ሌሊት ሌሊት በብሎኩ መተላለፊያ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ይሰማ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ድምፁን በአፉ አሰማን፤ ጅራፉን፣ የሞፈሩን ጭርታ። ከዚያ በፊት በጠረጴዛችን ላይ እንደዚያ ያለ ጸጥታ አልነበረም። ቢሆንም ተቃወምሁ። ያ ገበሬ አልሞተም፤ ምናልባት በዚያው ብሎክ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ ልጁም በሠፈሩ የቀን ሥራ ይሠራል። መንፈስ ካደረግነው፣ ካሣውን የጠየቀ ሕያው ሰው አስፈሪ ሆኖብን ቀረ ማለት ነው። ሠዓሊው ግን «አንተ ያላየኸው ነገር አለ፤ የሚፈራው ገበሬው አይደለም፤ የሚፈሩት ድምፁን እየሰሙ በራቸውን የማይከፍቱት ነዋሪዎች ናቸው» ብሎ ተከራከረኝ። ሁለት ቅዳሜ ተጨቃጨቅን። እርሱ እንዳሸነፈኝ ዛሬም አላምንም፤ እኔም እንዳሸነፍሁት እርግጠኛ አይደለሁም። ትዕይንቱን ለጊዜው አቆይተነዋል።

የተስማማንበት ሌላ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ፈጅቷል፤ የኅዳር በሽታ ይባላል። ራስ ተፈሪም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው በየደጁ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት፣ ከተማው በጢስ የሚታፈንበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይታወሳል። በልጅነቱ በዚያ ጢስ ውስጥ ያልሮጠ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው፤ ለምን እንደሚጨስ የጠየቀ ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

ጨዋታችን የሚጀምረው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1921 ዓ.ም. ነው። ይህም «የክቱሉ ጥሪ» ከሚወደው ዘመን ጋር ስለሚገጥም ደንቡን ብዙ ማሻሻል አላስፈለገንም። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ጀምሯል፤ ስለዚህ መርማሪዎቹ የሚያገላብጡት ወረቀትና የሚጠይቁት እንግዳ አያጡም። አንዷ ጠጅ ቤት አላት፤ አንዱ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ ሦስተኛው ከቤተ ክህነት ትምህርት ያቋረጠ ደብተራ ነው። ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ከማሳው ዳር፣ ከበሽታው ዘመን ጀምሮ በሩ የተዘጋ ቤት አለ። በውስጡ ማንም የለም፤ ጢስ ግን በየሌሊቱ ይወጣል። ከየካ ተራራ የሚወርደው ጅብ ሳይቀር ያንን ቤት ዞሮ ነው የሚያልፈው። በቤቱ ያለው ጎረቤት ወይም ባለ እጅ አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። ሳይቀበር የቀረ፣ ተዝካሩም ያልወጣለት ሰው ነው። ሞቱንም የደበቀ፣ ርስቱንም የያዘ ዘመድ በከተማው ተከብሮ ይኖራል። ቤቱ የሚያርፈው ስሙ ታውቆ፣ ሰው ተጠርቶ፣ በሥርዓቱ ሲለቀስለት ነው። ጅቡም ጅብ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አንድ ተግባራዊ ችግር ልናገር፤ ምክንያቱም ጥሩ ጨዋታ መርጠው በዚህ የሚወድቁ ብዙ ናቸውና። በውጭ አገር ጆን ስታቭሮፑሎስ የተባለ ሰው ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል፤ የከበደው ሰው ይነካዋል፤ ትዕይንቱ ያለ ጥያቄ ይታለፋል። ግሩም ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ብቻውን አይሠራም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ተማሪ መምህሩ ያቀረበውን አያቋርጥም፤ ታናሽ በታላቁ ፊት ፈራሁ አይልም፤ ትልቅ ሰው ደግሞ የወጣቶችን ደስታ ከማፍረስ ቡናውን ሊያይ መነሣት ይመርጣል። ካርዱ እዚያው ተቀምጦ ሁሉም ፈገግ እያለ ይታመማል። ስለሆነም መጠየቅ ያለበት ከጨዋታው በፊት፣ ስም ሳይጻፍ፣ በብጣሽ ወረቀት ነው፤ «ምን እንዲኖር ትፈልጋለህ? ምን እንዳይኖር?» ወረቀቱን አጫዋቹ ለብቻው አንብቦ ይቅደደው። የማን እንደ ሆነ ለማወቅ አይሞክር፤ በእጅ ጽሕፈት ቢያውቀውም እንዳላወቀ ይሁን። ደግሞም ጨዋታው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ያብቃ። ከአያት መንገድ ወርዳ በጨለማ እስከ ብሎኳ በእግሯ የምትሄድ ልጅ ያለባት ፍርሃት ከማንኛውም መጽሐፍ ያልተቀዳ ነውና፣ ሳይሸኝ የሚበተን ቡድን ስለ አስፈሪ ጨዋታ የመናገር መብት የለውም።

ተረቶቻችን ለሕፃናት ማስፈራሪያ እንጂ ለዐዋቂ አይበቁም የሚሉ ወገኖች ስለ ኅዳር 12 ቤት ሰምተው ምን እንደሚሉ ለማወቅ እጓጓለሁ። መጥተው ይቀመጡ፤ ወንበር አናጣም።

መምህርቷ በዚህ ዓመት ተመልሰዋል። ባለ ጠጅ ቤቷ ገጸ ባሕርይ የእርሳቸው ናት፤ የተዘጋው ቤት ባለቤት ማን እንደ ነበረ ከሁላችን ቀድመው የደረሱበትም እርሳቸው ናቸው። ከጨዋታው በፊት ከሰበሰብሁት ብጣሽ ወረቀት መካከል በጥንቃቄ ታጥፎ የተሰጠኝ አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ጅብ ይኑር። ጨለማም ይኑር። በር የሚያንኳኳ ሰው ግን አይኑር። ቡናውም በጨዋታው መካከል ሳይሆን በእረፍት ሰዓት ይፈላ፤ ቁላቱ ሲሸት ተራዬን እረሳለሁ።»